በፊት መስታወት ዙሪያ የተሞላ ሲሊኮን ለምን አይለቅም? በምንስ ይነሣል?

ጥያቄ፦ «እ.ኤ.አ. የ2004 ሞዴል ቶዮታ ኮሮላ አለችኝ። የፊት መስታወቷ ተሰንጥቆ ከተቀየረ በኋላ በመጀመሪያው ክረምት በሾፌሩ በኩል ምንጣፉ መራስ ጀመረ። ሌላ ጋራዥ ወሰድኳት፤ መስታወቱን ሳያወጡ ዙሪያውን ነጭ ሲሊኮን ሞልተው መለሱልኝ። ሲቀባ ኮምጣጤ ኮምጣጤ ይሸት ነበር። ዘንድሮም ውሃ ታስገባለች። አሁን ያሳየሁት ባለሙያ ሲሊኮኑ ሙሉ በሙሉ ካልተነሣ መስታወቱን አላጣብቅም አለኝ። በቤንዚን፣ በቲነርና በኮምጣጤ ሞከርኩ፤ በፀጉር ማድረቂያም አሞቅሁት። ላዩ ይላጣል እንጂ ሥሩ አይለቅም። የሚያሟሟው ነገር ምንድን ነው? ወይስ ላዩ ላይ ጥሩ ሲሊኮን ቢጨመርበት ይበቃል?»

ምላሽ፦ የመጨረሻውን ጥያቄዎን ላስቀድም፤ አይበቃም። በአሮጌ ሲሊኮን ላይ አዲስ መጨመር ቀዳዳውን ከዓይን ይሰውረዋል እንጂ አይደፍነውም። በደረቀ ሲሊኮን ላይ ቀለምም፣ ማስቲሽም፣ የመስታወት ማጣበቂያም አይዝም። አዲሱ ሲሊኮን ራሱ አሮጌውን የሚይዘው ገጹ ፍጹም ንጹሕ ሲሆን ብቻ ነው፤ ዓመት ከዓመት አቧራና የላቫጆ ሳሙና ሲፈራረቅበት የኖረ ገጽ ደግሞ እንዲያ ሊሆን አይችልም። ባለሙያው ካልተነሣ አላጣብቅም ማለቱ ትክክል ነው። ሳይነሣ እሠራለሁ ቢልዎ ኖሮ መኪናዎን ይዘው እንዲወጡ እመክርዎ ነበር።

«የሚያሟሟው ምንድን ነው?» የሚለው ጥያቄ ግን ከመነሻው መታረም አለበት። የደረቀ ሲሊኮን አይሟሟም። ቅጥራን በቤንዚን የሚለቀው ሞለኪውሎቹ ተለያይተው በፈሳሹ ውስጥ መበተን ስለሚችሉ ነው። ሲሊኮን ግን ከቱቦው ወጥቶ የአየሩን እርጥበት ሲያገኝ ሰንሰለቶቹ እርስ በርስ ተያይዘው አንድ ወጥ መረብ ይሆናሉ፤ ከዚያ በኋላ ተለያይቶ የሚበተን ነገር አይኖርም። ሰንሰለቱ ራሱ በተራ የተያያዙ የሲሊከንና የኦክስጅን አተሞች ነው። ይህን ማሰሪያ ለመበጠስ በአንድ ሞል ወደ 450 ኪሎ ጁል ኃይል ያስፈልጋል፤ በብዙ ፕላስቲኮችና ሙጫዎች ውስጥ ያለው የካርቦንና የካርቦን ማሰሪያ ግን በ350 ገደማ ይበጠሳል። ለዚህ ነው ሲሊኮን የክረምቱንም ዝናብ የበጋውንም ፀሐይ ችሎ ዓመታት የሚቆየው። ያለ ቦታው ሲገባ አስቸጋሪ የሚያደርገውም ይኸው ጥንካሬው ነው።

የሞከሯቸውን አንድ በአንድ ልይልዎ። ኮምጣጤ ሲሊኮን ያነሣል የሚለው ወሬ የመጣው ከሽታው ይመስለኛል። እንዲህ ያለው ሲሊኮን ሲደርቅ አሴቲክ አሲድ ይለቅቃል፤ በኮምጣጤ ውስጥ ያለውም አሲድ እርሱ ነው። ነገር ግን አሲዱ ሲሊኮኑ ሲደርቅ ትቶት የሚወጣ ትርፍ እንጂ የሚፈታው ነገር አይደለም። መታጠቢያ ቤት ውስጥ ከሲሊኮን ላይ የሳሙናና የኖራ ቅርፊት ያስለቅቅ ይሆናል፤ ሲሊኮኑን ግን አይነካውም። ሽታው ግን ለእርስዎ ሌላ ከባድ ነገር ይናገራል። ያ አሲድ ቀለሙ የተጫረ ላሜራ ካገኘ ያዝገዋል። መስታወት ሲቀየር ቢላዋው ላሜራውን መጫሩ ደግሞ የተለመደ ነው። ስለዚህ ሲሊኮኑ ሲነሣ ከሥሩ ዝገት እንደሚያገኙ አስቀድመው ይጠብቁ። አሲዱ በጥቂት ቀናት ተንኖ ቢያልቅም የጀመረው ዝገት ከሲሊኮኑ ሥር በታመቀው እርጥበት እየተመገበ ይቀጥላል።

ሙቀትም አይረዳዎትም። አብዛኛው የመኪና መብራት የሚጣበቅበት ጥቁሩ ቡቲል ሲሞቅ ይለሰልሳል፤ «በማሞቂያ ይለቃል» የሚለው ምክር ለእርሱ ትክክል ነው። ሲሊኮን ግን እስከ 200 ዲግሪ ሴልሺየስ ድረስ እምብዛም ጠባዩን አይለውጥም። ከዚያ በላይ ሲያሞቁት የሚጎዳው በዙሪያው ያለው ነው፤ ቀለሙ ይነፋል፣ መስታወቱ ባልተመጣጠነ ሙቀት ይሰነጠቃል፣ ከሥር ያለው ፖሊዩሬቴን፣ ማለትም መስታወቱን ከላሜራው ጋር የያዘው ጥቁሩ ማጣበቂያ፣ እየተቃጠለ መርዛማ ጭስ ያወጣል። የጋዝ ችቦ ይዞ የሚመጣ ሠራተኛ ካጋጠመዎት አያስነኩት።

ቤንዚንና ቲነር ግን አንድ ነገር ያደርጋሉ። ሲሊኮኑ ውሃ ውስጥ እንዳደረ ሽምብራ ይጠጣቸዋል፤ ያብጣል፣ ይላላል፣ በጣት ሲፈትጉት እየተፈረፈረ ይወጣል። ላዩ የተላጠልዎት በዚህ ምክንያት ነው። ፈሳሹ ሲተን ሥር የቀረው ወደ ነበረበት ይመለሳል። ይህን ጠባዩን ለሥራው መጠቀም ይቻላል፤ ነገር ግን በቤንዚን አይሁን። የቤንዚን ትነት ከዜሮ በታች በ40 ዲግሪ ገደማ ቅዝቃዜ እንኳ እሳት ይይዛል፤ ከአየር ስለሚከብድ ወደ መኪናው ወለል ይወርዳል፤ የበር መብራት ወይም የባትሪ ገመድ አንዲት ብልጭታ ትበቃዋለች። ለቆዳና ለሳንባም መጥፎ ነው። ሌላም ጉዳት አለ። የፊት መስታወት ሁለት መስታወቶች በመካከላቸው በተጣበቀ የፕላስቲክ ሽፋን የተያያዙበት ነው። ቲነር ወይም አሴቶን በጠርዙ ገብቶ ሲቆይ ያንን ሽፋን ያበላሸዋል፤ ጠርዙ ወተት የመሰለ ነጭ ደመና ይይዝና መስታወቶቹ መለያየት ይጀምራሉ። ቲነር የፋብሪካ ያልሆነ ቀለምንም ያነሣል። በጨርቅ አርሰው ጠረግ ካደረጉት ብዙ ላይጎዳ ይችላል፤ ጥጥ ነክረው ጠርዙ ላይ አስተኝተውት ከነበረ ግን ጠርዙን ዙሪያውን በብርሃን ያስመርምሩት።

ሲሊኮንን በእውነት የሚፈቱ ኬሚካሎች የሉም ማለቴ አይደለም። ጠንካራ አሲድ ወይም ጠንካራ አልካሊ ያለባቸው ልዩ ማንሻዎች አሉ፤ ማሰሪያውን እየበጠሱ ወደ ዝልግልግ ነገር ይለውጡታል። ወሰናቸውን ግን ልብ ይበሉ። ወፍራም ሲሊኮን ውስጥ ዘልቀው አይገቡም፤ የሚሠሩት ተፍቆ የቀረውን ስስ ቅሪት ነው። አሲድ ያለበት ዚንክ የተቀባ ላሜራን ይበላል፤ አልካሊው አልሙኒየምን ይበላል፣ ቀለምን ያነሣል፣ ከቆየም መስታወቱን ያደበዝዛል። ከብዙዎቹ ማንሻዎች ውስጥ የሚገኘው አሲድ ፈሳሽ ሳሙና የሚያመርቱ ሰዎች «ሰልፎኒክ አሲድ» ብለው ከሚገዙት ጋር የቅርብ ዘመድ ነው። ይህን የሰማ ሰው ከሳሙና ሠሪ ገዝቶ መኪናው ላይ ሊቀባ ይቃጣዋል፤ እባክዎ አያድርጉት። ያልተመጠነና ያልተዘጋጀ አሲድ ነው፤ ቆዳ ያቃጥላል፤ ላሜራው መጋጠሚያ ውስጥ ገብቶ ከቀረ የሚያጥበው የለም። የባትሪ አሲድ ደግሞ ጭራሽ አይታሰብ፤ ሲሊኮኑን ትቶ ብረቱን ነው የሚበላው።

ወደ መፍትሔው ከመግባቴ በፊት ይህ ሁሉ ድካም ለምን እንደሚያስፈልግ ላስረዳ። ብዙ ሰው የፊት መስታወት ነፋስና ዝናብ መከለያ ብቻ ይመስለዋል፤ ውሃ ካላስገባ በምንም ቢጣበቅ ግድ አይሰጠውም። በዛሬ መኪኖች ግን መስታወቱ ከአካሉ ጋር ተጣብቆ ጭነት ይሸከማል። መኪና ሲገለበጥ ጣሪያው እንዳይጨፈለቅ ያግዛል፤ በግጭት ጊዜ ቀበቶ ያላሰረ ሰው ተወርውሮ እንዳይወጣ ያግደዋል። ከሁሉ በላይ ደግሞ በተሳፋሪው በኩል ያለው የአየር ከረጢት ከዳሽቦርዱ ሲፈነዳ ወደ ላይ ወጥቶ መስታወቱን ተደግፎ ነው ወደ ተሳፋሪው የሚዞረው። ይህ የሚሆነው ከሰከንድ አንድ አሥረኛ ባነሰ ጊዜ ውስጥ ነው። መስታወቱ በደካማ ነገር ከተያዘ ከረጢቱ መስታወቱን ገፍቶ ይጥለዋል፤ ከጎንዎ የተቀመጠው ሰውም የሚይዘው ነገር አያገኝም። ለመስታወት የሚሠራው ፖሊዩሬቴን ማጣበቂያ ይህን ጉልበት እንዲችል ተደርጎ የተቀመመ ነው። የመታጠቢያ ቤት ሲሊኮን ግን ክፍተት ለመድፈን የተሠራ ነውና ጥንካሬው ከዚያ እጅግ ያነሰ ነው። ሲሊኮኑ ላይ መናደዴ የውሃ ጉዳይ ስለሆነ ብቻ አይደለም።

አሁን ወደ ሥራው። መስታወቱን ከማስወጣትዎ በፊት ውሃው በእርግጥ በመስታወቱ በኩል መግባቱን ያረጋግጡ። ከመጥረጊያዎቹ ሥር ያለው የፕላስቲክ ሽፋን ቅጠልና አፈር ሲሞላው የውሃ መውረጃው ይደፈንና ውሃው በአየር ማስገቢያው በኩል ወደ እግር ሥር ይፈስሳል። ምልክቱ በመስታወት በኩል ከሚገባው ውሃ ጋር አንድ ዓይነት ስለሆነ ለዚህ ሲባል በከንቱ መስታወታቸው የወጣ መኪኖች አሉ። ሽፋኑን ከፍተው ያጽዱ። ከዚያ አንድ ሰው ውስጥ በእጅ ባትሪ እየተመለከተ፣ ሌላው ከውጭ ጎማ ይዞ ከታች ጀምሮ ቀስ እያለ ወደ ላይ ውሃ ያፍስስ። ከላይ ከጀመሩ ውሃው ሁሉንም ስለሚያዳርስ የገባበትን ቦታ መለየት አይቻልም። ግፊት ያለው የላቫጆ ውሃ አይጠቀሙ፤ ደህናውንም ቦታ ያስገባል። ምንጣፉንም አስነሥተው ከሥሩ ያለውን ስፖንጅ ያድርቁት። ላዩ ሲነካ የደረቀ ቢመስልም ስፖንጁ ውሃ ይዞ ለወራት ይቆያል፤ የወለሉን ላሜራ ይበላዋል።

ውሃው በመስታወቱ በኩል መግባቱ ከተረጋገጠ ሲሊኮኑን ከውጭ ብቻ ፍቆ መተው አይሠራም። መስታወቱ መውጣት አለበት። ይህን በእርግጠኝነት የምናገረው ክፍተቱ ያለው ከሥር፣ በፖሊዩሬቴኑና በላሜራው ወይም በፖሊዩሬቴኑና በመስታወቱ መካከል ስለሆነ ነው። ሲሊኮኑም እዚያው ክፍተት ውስጥ ዘልቆ ገብቷል፤ ከውጭ ማንም አይደርስበትም።

መጀመሪያ ከውጭ የሚታየው ወፍራም ሲሊኮን ይቆረጣል። በዙሪያው ያለው ቀለም በወረቀት ፕላስተር ይሸፈን። በመስታወቱ በኩል አዲስ ምላጭ ወደ መስታወቱ ዝቅ ተደርጎ ይገፋል፤ ቀጥ ካለ ይቧጭራል። በላሜራው በኩል ምላጭ አይግባ፤ ጠንካራ የፕላስቲክ መፋቂያ ወይም የተሳለ እንጨት ይበቃል። በካቻቪቴ መፈልፈል የዛሬን ሲሊኮን አንሥቶ የነገን ዝገት መትከል ነው። ከሥሩ ተቆርጦ ጫፉ የተገኘ ሲሊኮን በፒንሳ ይዘው ቀስ ብለው ወደ ኋላ አጥፈው ሲስቡት ረጅም ሆኖ ይወጣል፤ ትዕግሥት ያለው ሰው አብዛኛውን በዚህ መንገድ ብቻ ያነሣዋል።

ቀጥሎ መስታወቱ በቀጭን የብረት ሽቦ ይቆረጣል። አንዱ ከውስጥ ሌላው ከውጭ ሆነው እየተቀባበሉ ይስቡታል። እዚህ ላይ አንድ ነገር አስቀድመው ይወቁ፤ ደህና መስታወትም ሲወጣ ሊሰነጠቅ ይችላል፣ በተለይ ጠርዙ ላይ ጭረት ካለው። ሠራተኛው የቱንም ያህል ቢጠነቀቅ ይህ አደጋ ይኖራል። ስለዚህ ሥራው ሳይጀመር ቢሰበር ወጪው የማን እንደሆነ ይነጋገሩ። ሶማሌ ተራ ወይም ሌላ ቦታ መስታወቱ በስንት እንደሚገኝም አስቀድመው ይጠይቁ።

መስታወቱ ከወጣ በኋላ የተቆረጠውን ማጣበቂያ ጠጋ ብለው ይመልከቱ። ፖሊዩሬቴኑ ጥቁር፣ ጠጣርና ሲቆረጥ ገጹ ጎማ የሚመስል ነው። በመካከሉ ነጭ ሲሊኮን እንደ ስስ ጨርቅ ገብቶ ያዩታል፤ አንዳንድ ቦታ በጥፍር ሲነኩት ብቻውን ተልጦ ይወጣል፤ ከሥሩ ያለው ፖሊዩሬቴን የሚያንጸባርቅና ንጹሕ ሆኖ ይቀራል። ያ የሚያንጸባርቀው ቦታ ቀድሞም ያልተጣበቀ ነበር ማለት ነው፤ ውሃው የሚገባው በእርሱ በኩል ነው። የትኛው የትኛው እንደሆነ ካጠራጠረዎት ትንሽ ቁራጭ ወስደው ከመኪናው ርቀው፣ አየር ባለበት በክብሪት ያቃጥሉት። ሲሊኮን ነጭ አመድ ይተዋል፤ ፖሊዩሬቴን ይጠቁራል፣ ጥላሸት ያወጣል። ጭሱን ግን አይማጉት።

በላሜራው ላይ ደህና ሆኖ የተጣበቀ አሮጌ ፖሊዩሬቴን ካለ ሙሉ በሙሉ መነሣት የለበትም። እንዲያውም አዲሱ ፖሊዩሬቴን ከሁሉ በላይ የሚይዘው በአዲስ የተቆረጠ የራሱን ዘር ነው፤ ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር ውፍረት ይተዋል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ሲሊኮን የነካውን ፖሊዩሬቴን በኬሚካል ለማጽዳት አይሞክሩ፤ ላዩን በስለታም ቢላዋ እንደ ስስ ቁርጥ እያደረጉ ገፍፈው ያውጡት። ሲሊኮኑ ያለው በላዩ ላይ እንጂ በውስጡ አይደለምና ከሥሩ የሚገኘው ገጽ ፍጹም አዲስ ነው። ምላጩ ግን ቶሎ ቶሎ ይቀየር፤ ሲሊኮን የቆረጠ ምላጭ ቀጣዩን ንጹሕ ገጽ ይበክላል።

ሲሊኮኑ በቀጥታ ቀለሙን ወይም ላሜራውን የነካበት ቦታ የሥራው ዋና ፈተና ነው። የሚታየው ሲሊኮን ሲነሣ ዓይን የማያየው ስስ ቅባት ይቀራል። ይህ ቅባት ባለበት ማጣበቂያ አይዝም፣ ቀለምም ቢቀባ እየሸሸ ክብ ክብ ጉድጓድ ይሠራል፤ ቀለም ቀቢዎች ይህን በደንብ ያውቁታል። ሥራው ቅደም ተከተል አለው፤ መጀመሪያ ይጸዳል፣ ከዚያ ይፋቃል። ሳይጸዳ ብርጭቆ ወረቀት ያስነካ ሰው ሲሊኮኑን በጭረቱ ውስጥ እየሰገሰገ ያሰፋዋል፤ ከዚያ በኋላ እስከ ብረቱ ድረስ ካልወረደ አያገግምም። ለማጽዳት የቀለም ቤቶች የሚሸጡትን ሰምና ሲሊኮን ማንሻ ይጠቀሙ። ሁለት ነጭ የጥጥ ጨርቅ ይያዙ፤ አንዱን በፈሳሹ አርጥበው ወደ አንድ አቅጣጫ ይጥረጉበት፣ ፈሳሹ ሳይተን በሁለተኛው ደረቅ ጨርቅ ያንሡት። ከተነነ ቅባቱ ተመልሶ እዚያው ይተኛል። እየዞሩ ማሸት ማዳረስ ነው። ጨርቁ በየጊዜው ተጥሎ አዲስ ይያዝ፤ በላምባ ታጥቦ የሚመለስ የጋራዥ ጨርቅ ለዚህ ሥራ አይሆንም።

ዝገት የተገኘበት ቦታ እስኪያበራ ድረስ ይፋቅ፤ ከዚያ በኢፖክሲ ፕራይመር (ፕራይመር ከቀለም ወይም ከማጣበቂያ በፊት እንዲይዝ የሚቀባው ነው) ተቀብቶ አምራቹ በጻፈው ጊዜ ልክ ይድረቅ። ተራ አንቲረስት ቀለም ለዚህ ቦታ አይበቃም፤ ማጣበቂያው ቀለሙን ይይዝና ቀለሙ ከብረቱ ይላጣል። ላሜራው ተበልቶ ከተበሳ ጉዳዩ ከመስታወት ሠሪ እጅ ወጥቶ የቦዲ ሠራተኛና የብየዳ ሆኗል ማለት ነው። ቀዳዳን በማጣበቂያ የሚሞላ ሰው ከገጠመዎት ሥራውን ያስቁሙ።

መስታወቱን መልሰው የሚጠቀሙ ከሆነ ጥቁሩ ዙሪያ ትኩረት ይፈልጋል። ያ ጥቁር ሴራሚክ ለውበት የተቀባ አይደለም፤ ፖሊዩሬቴኑን ከፀሐይ ይከልላል፤ በፀሐይ ጨረር የተመታ ፖሊዩሬቴን ይሰባበራልና። ገጹ በጥቂቱ ሻካራ ስለሆነ ሲሊኮን ይይዛል። በምላጭ ከተፋቀ በኋላ በአይሶፕሮፒል አልኮልና በአረንጓዴው የዕቃ መፈተጊያ ይታሽ። ሲሊኮን ማንሻ ኬሚካል ለመጠቀም ከፈለጉ ትክክለኛው ቦታ ይህ ነው፤ መስታወቱ ከመኪናው ወጥቶ ጠረጴዛ ላይ ሳለ፣ በስሱ፣ ከጠርዙ ራቅ ተደርጎ፣ ኋላም በደንብ ታጥቦ። መኪናው ላይ ሳለ አይሞከር። ወፍራም የናይትራይል ጓንትና መነጽር ያድርጉ።

መጽዳቱን በግምት አይቀበሉ። መስታወቱ ላይ ንጹሕ ውሃ ይርጩ፤ ውሃው ወጥ ሆኖ ከተነጠፈ ጸድቷል፣ ተሰብስቦ ጠብታ ጠብታ ከሆነ ቅባቱ አለ። ቀለም ላይ ግን ይህ ፈተና ያሳስታል፤ ንጹሕ ቀለምም ውሃ ይሰበስባል። እዚያ ላይ በማይለቅ ማርከር መስመር ያስምሩ። የማርከሩ ቀለም ወጥ ሆኖ ከተቀመጠ ደህና ነው፤ እየተሰበሰበ ነጠብጣብ ከሆነ እንደገና ይጽዳ። ጋራዡ ውስጥ ለሥራው ጊዜ የዳሽቦርድና የጎማ ማብሪያ እንዳይረጭም ይጠንቀቁ፤ ብዙዎቹ ሲሊኮን አላቸው፤ በአየር ተጉዘው የጸዳውን ያበላሻሉ።

ከዚህ በኋላ ያለው የማጣበቅ ሥራ ለባለሙያው ይተዋል፤ ሆኖም ሦስት ነገር ቆመው ይዩ። የማጣበቂያው ቱቦ ላይ ያለውን ቀን ይመልከቱ፤ ፖሊዩሬቴን በተዘጋ ቱቦም ቢሆን ዕድሜው ብዙ ጊዜ አንድ ዓመት ገደማ ነው፤ ሙቅ መጋዘን የኖረው ከዚያም ያጥራል። ለመስታወቱና ለተጫረው ቀለም የሚሆነው ፕራይመር ከማጣበቂያው ጋር ከአንድ አምራች ይሁን። ማጣበቂያው በዙሪያው ሳይቋረጥ አንድ ወጥ ሆኖ ይዙር።

የመድረቂያ ጊዜውን በተመለከተ አምራቹ የጻፈው ሰዓት ብዙውን ጊዜ ለሞቃትና መጠነኛ እርጥበት ላለው አየር የተሰላ ነው። ፖሊዩሬቴንም እንደ ሲሊኮን የሚደርቀው በአየር እርጥበት ስለሆነ በኅዳርና በታኅሣሥ በአዲስ አበባ ደረቅ አየርና ብርድ ሌሊት ይዘገያል። አንድ ሰዓት ይበቃል የሚል ቱቦ ቢያዩም መኪናዋ ጋራዡ ውስጥ ትደር። ሲነዱም በመጀመሪያው ቀን አንዱ መስኮት በጥቂቱ ክፍት ይሁን፤ መስኮት ሁሉ ተዘግቶ በር በኃይል ሲዘጋ የአየሩ ግፊት ያልደረቀውን መስታወት ከቦታው ይገፋዋል። ለሁለት ቀን ላቫጆ አይግቡ።

ለእርስዎ መኪና ቁርጥ ያለ ምክሬ እንዲህ ነው። ቤንዚኑንና ቲነሩን ያቁሙ። ሌላ ሲሊኮን አይጨመር። የመጥረጊያው ሥር ጸድቶ ውሃው አሁንም ከገባ መስታወቱ ይውጣ፤ ሲሊኮኑ በስለት ይነሣ፣ የተነካው ፖሊዩሬቴን ይገፈፍ፣ ዝገቱ ይታከም፣ በአዲስ ፖሊዩሬቴን ይጣበቅ። መስታወቱ ጠርዙ ነጭ ደመና ከያዘ ወይም ሲወጣ ከተሰነጠቀ አዲስ ይግዙ፤ አሮጌውን ለማዳን የሚጠፋው ጉልበት ዋጋውን አይመልስም። እርግጥ ነው፣ ሥራው ዙሪያውን ሲሊኮን ከመሙላት ብዙ እጥፍ ያስወጣል፤ አንድ ሙሉ ቀንም ይወስዳል። ነገር ግን ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ በኋላ የእርስዎን ዓይነት ኮሮላ በሌላ መተካት ቀላል አይደለም፤ የመስታወት ዙሪያው የዛገ መኪና ደግሞ ጥገናው በየክረምቱ ይከብዳል።

በራስዎ እጅ ሊሠሩ የሚችሉት የውጩን ሲሊኮን በፕላስቲክ መፋቂያ ማንሣትና የውሃ መውረጃውን ማጽዳት ነው። ከዚያ ያለውን ለመስታወት ባለሙያ ይስጡ። ሲያነጋግሩት ደግሞ ስለ ዋጋው ከመጠየቅዎ በፊት ምን ፕራይመር እንደሚጠቀም ይጠይቁት። «ፕራይመር አያስፈልግም» ካለዎት ወደ ሌላ ይሂዱ።